ከጎታው ኋላ

ሲናን፣ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየብርጓል፣ አዲስ አበባ

የመንገድሽ መሪ፣ የቤትሽ ጠባቂ ድንግል ማርያም ትሁን። እኔ አክስትሽ ወለተ ሐዋርያት፣ ዓይኔ ከመድከሙ በቀር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በጎጆዬ ደኅና አለሁ። አንቺስ? ብርዱ፣ ደረጃው፣ ሰዉ እንዴት ይዞሻል?

የቲያትር ትምህርቱን መጨረስሽን የሰማሁት ከወንድምሽ ከያለው ነው። እሱም ለሙግት ደብረ ማርቆስ ወርዶ ሳለ ነው የሰማው። "እህትህ አዲስ አበባ ሰው ፊት ቆማ ታሥቃለች" ብለውት አፍሮ መጣ። እኔ አላፈርኩም። በበቅሎ ጭኜ ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ሳገባሽ፣ ልምሻ እግርሽን እንጂ አንደበትሽን እንዳልመታው አውቅ ነበር። ብቻ የተናገረውን ልንገርሽ፤ "በአባታችን በድረስ ስም አትጠራ" ብሏል። መልእክት ነውና አድርሻለሁ።

የቤቱ ወሬ ደስ አይልም። ሚስቱ ማሬ ታናሿን ልጅ ደምበጫ እናቷ ዘንድ ታሳድጋት እንደነበር ታውቂያለሽ። ባለፈው ክረምት አያቲቱም ሕፃኒቱም በአንድ ንዳድ ሞቱ ብለው ነገሩን። ቀብሩን አላየንም፤ በሩቅ አለቀስን። ከዚያ ወዲህ ማሬ የሰው ዓይን አታይም።

ሌላም አለ፤ መጻፉ ይከብደኛል። አንቺ ያደግሽበት አሮጌው ቤት ከአባትሽ ሞት ወዲህ እህል ብቻ ነበር የሚቀመጥበት። አሁን ድምፅ ይሰማበታል። ያለው "ለካፊ ገብቶበታል፤ ማንም እንዳይጠጋ" ብሎ ዙሪያውን በእሾህ አጥሮታል። ከብት የሚያግዱት እንኳ በዚያ ማለፍ ትተዋል። እኔ መነኩሲት ነኝ፤ ሰይጣን አለ ቢሉኝ አልደነቅም። ግን ያ ቤት ሆነና ነገሩ፣ እንቅልፍ ነሳኝ።

ዳዊቴን ማንበብ ተስኖኛልና የዓይን ቅባት ካገኘሽ ላኪልኝ። በሄድሽበት ሁሉ የማርያም ልጅ ይቅደምሽ።

አክስትሽ ወለተ ሐዋርያት

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእማሆይ ወለተ ሐዋርያት

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። የእርስዎ ጸሎት ይዞኝ ደኅና ነኝ። ቅባቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ጠዋት ከታጠቡ በኋላ ይቀቡት።

መጨረሴ እውነት ነው። ሰው ማሣቄ ግን ሐሰት ነው፤ በትምህርቱ ዘመን ሁሉ የሚሰጠኝ ቦታ አንድ ነበር፤ በር ላይ ተቀምጣ "ስለ ማርያም" የምትል ለማኝ። ቲያትሩ የነገሥታት ከሆነ የግቢው በር ለማኝ ነኝ፤ የሰርግ ከሆነ የዳሱ በር ለማኝ። አሠልጣኛችንን ሌላ ቦታ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። "ተመልካቹ ምርኩዝሽን ካየ ሌላ ነገር አያስብም" አለኝ። ስለዚህ ለመመረቂያዬ ራሴ ጻፍኩ። የአንዲት ዳኛ ታሪክ ነው። ችሎት ላይ ተቀምጣ ትፈርዳለች፤ ስለ እግሯ ማንም አያነሣም። መጨረሻ ላይ ፍርዷን ሰጥታ፣ ምርኩዞቿን አንሥታ ትወጣለች። ተመልካቾቹ ሲወጡ "ሴት ዳኛ የት ይገኛል" ብለው ተከራከሩኝ እንጂ ስለ እግሬ የተናገረ አልነበረም። ለእኔ ድል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጋዜጣ ጽሑፎቼን ያወጣልኛል። ያነበቡ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ትምህርት ቤት ወስደዋቸው "አካሉ የጎደለ አንቀበልም" የተባሉ ናቸው። አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ከሹማምንቱ ጋር እሟገታለሁ። አንዳንዱ ይሰማናል፤ አንዳንዱ ወንበር እንኳ አይሰጠንም። መጽሐፍም ጀምሬያለሁ።

ለያለው እንዲህ ይበሉልኝ፤ በአባቴ ስም አልጠራም ማለት አልችልም፤ ሌላ አባት የለኝም።

ስለ አሮጌው ቤት የጻፉት ግን ከልቤ አልወጣ አለ። ድምፁ ምን ዓይነት ነው? ይጮኻል? ያለቅሳል? መቼ ነው የሚሰማው? ይጻፉልኝ።

ልጅዎ የብርጓል

*

ሲናን፣ የካቲት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ልጄ የብርጓል ሆይ

ቅባቱ ደረሰኝ፤ ይኸው በእሱ ብርሃን እጽፍልሻለሁ። ያሳደገሽ ጌታ ያክብርሽ።

በዚህ ወገን ደስታ አለ። የያለው ታላቋ ልጅ ፈንታዬ ታጨች። እጮኛዋ የሮብ ገበያ የባላባት ልጅ ነው፤ ሰርጉ ለሚመጣው ዓመት ጥር ተቆርጧል። ያለውም ለአጥቢያ ዳኝነት ታጭቷል ይላሉ። አየሽ፣ አንቺ በቲያትር የፈረድሽበትን ወንበር እሱ በእውን ሊቀመጥበት ነው።

ስለ ድምፁ ጠይቀሽኛል። አይጮኽም፤ አያለቅስም። የሚሰማው ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ እርሻ ሲወርድ። በመጀመሪያ መዳፍ መሬት ሲመታ የመሰለ ይሰማል፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ይጎተታል። ደግሞ ይመታል፤ ደግሞ ይጎተታል። ሰው ሲጠጋ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ምንጭ ወርጄ ስመለስ ሰማሁትና ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ሲያዳምጠኝ ተሰማኝ። ስጨርስ ከግድግዳው ወዲያ የሰው የመሰለ ትንፋሽ ሰማሁ። እንስራዬን ጥዬ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

ያለው ደብተራ አስመጥቶ ክታብ አስጽፏል፤ በሩ ላይ ተሰቅሏል። የሚገርመኝ ማሬ ናት። እሷ ብቻ አትፈራም። "እህል ላወጣ ነው" ብላ ትገባለች፤ ይዛ ስትገባ እንጂ ይዛ ስትወጣ አላየሁም።

ከተማረ ሰው ታውቂ እንደሆነ፣ እንዲህ ላለው ነገር ምን ይደገማል? ጻፊልኝ።

አክስትሽ

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ

ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁና ይቅር ይበሉኝ።

መዳፍ፣ ከዚያ መጎተት። ያ የእኔ አካሄድ ነው። እርስዎ ወስደው ምርኩዝ እስኪያሠሩልኝ ድረስ ያን ቤት የዞርኩት በሁለት መዳፌና በጎኔ ነው። እንግዳ ሲመጣ እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከጎታው ኋላ ታስቀምጠኝ ነበር። "ትንፍሽ እንዳትዪ" ትለኛለች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እያለቀሰች ነበር የምታስቀምጠኝ። እንግዳው ሲበላ፣ ሲጫወት እሰማለሁ። ጭቃው ጉንጬን ሲያቀዘቅዘው ይታወቀኛል። የሰው እግር ሲቀርብ ትንፋሼን እይዛለሁ። እስከ ዛሬ መድረክ ላይ ልወጣ ስል፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ የሰውን ድምፅ ስሰማ፣ ያ ጭቃ ይሸተኛል።

አክስቴ፣ ጋኔን ውዳሴ ማርያም ሲሰማ ይሸሻል እንጂ አያዳምጥም። እዚያ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ልጅ ነው። የማሬ ልጅ ደምበጫ ስትቀበር ያየ ማን አለ? ማሬስ ለጋኔን ነው ምሳ የምታመላልሰው?

የሚደገም ነገር ጠይቀውኛል። በሩን ያንኳኩ። ሌላ አላውቅም።

የብርጓል

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 17 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

ምን ሆነው ነው? ፋሲካ አለፈ፤ ክረምቱም ገባ፤ ከእርስዎ ቃል የለም። ታመው እንደሆነ በሰው እጅ ያስጽፉልኝ። በድፍረቴ ተቀይመው እንደሆነ ይርገሙኝ፤ ግን ይጻፉልኝ።

መጽሐፌን ጨርሼ ለማተሚያ ቤት ሰጥቻለሁ። ከጎታ ኋላ ስለምትኖር ልጅ ነው። ስጀምረው ስለ ራሴ መስሎኝ ነበር። አሁን አንዱን ገጽ ባረምኩ ቁጥር ያቺን ልጅ እሰማታለሁ። ስሟን እንኳ አላውቅም።

የብርጓል

*

ሲናን፣ መስከረም 18 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለየብርጓል

ዘመኑ የምሕረት ይሁንልሽ። ጨሞጋ ሞልቶ ደብረ ማርቆስ የሚወርድ ሰው ጠፋ ብዬ ላሳብብ ነበር። ወንዙስ እውነትም ሞልቶ ነበር። እኔን ያቆመኝ ግን ወንዝ አይደለም።

ሄጄ አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ማሬ ናት፤ ባታምኚኝም ከመቆጣት ይልቅ እጄን ይዛ አለቀሰች። ገባሁ። ከጎታው ኋላ፣ ግድግዳው ከጉልበት በታች በእጅ ወዝ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያበራል። ያንቺ ወዝ ይሁን የእሷ አላወቅሁም። ልጅቱ እዚያ ናት። ደምበጫ በነበረችበት ጊዜ ትኩሳት ይዟት፣ ሲለቃት እግሮቿን ይዞባት ሄዷል፤ አያቷ ስትሞት ወደዚህ አምጥተው ደበቋት። ልክ እንዳንቺ። ክርስትና ስሟ ወለተ ኢየሱስ ነው። ዓይኗ የአባትሽ ነው። አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሰው ሲመጣ እንዲያ እንድታደርግ ነው ያስተማሯት።

ያለውን ከእርሻ ሲመለስ ጠብቄ ያዝኩት።

"አንተ፣ በሕይወት ያለችን ልጅ ሞተች ብለህ አስለቀስከን?"

ሞፈሩን ከትከሻው አውርዶ፣ "እማሆይ" አለኝ፤ "አንዲት ስትሆን የእግዜር ሥራ ነው ይላሉ። ሁለት ስትሆን የዘር ነው ይላሉ። ፈንታዬን ማን ያገባታል?"

"ሰው የሚለውን ትተህ…"

"የሚተው አይደለም። የየብርጓል ሥዕል ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ የአማቾቻችን ዘመድ ከደብረ ማርቆስ ይዞት መጣ። ከነምርኩዟ። 'ይቺ የእናንተ ናት?' አሉኝ። 'አዎ፣ በልጅነቷ ከዛፍ ወድቃ ነው' አልኩ። ሁለተኛዋም ወድቃ ነው ልበል? እህቴ እዚያ ስሟን ባስጠራች ቁጥር እኔ እዚህ በር እዘጋለሁ።"

የብርጓል፣ ይህን የጻፍኩልሽ ልትወቀሺበት አይደለም። የተነገረ ነገር ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ ተማማልን። ሰርጉ በጥር ይለፍ፤ ከዚያ ልጅቱን ለእኔ ይሰጠኛል። እስከዚያ ቀን በቀን ልገባ ፈቅዶልኛል። በምትኩ መጽሐፍሽ እስከ ሰርጉ እንዳይወጣ ለምኝልኝ ብሏል። እኔም እለምንሻለሁ። የቀረው አጭር ጊዜ ነው። ያቺ ልጅ በሰላም ትውጣልን።

አክስትሽ ወለተ ሐዋርያት

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

እግዚአብሔር ስላንኳኩ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ተቀብዬ ብዙ ቀን መልስ መጻፍ አቃተኝ።

ባለፈው ሰሞን በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር። "ልጆቻችሁን አትደብቁ፤ የምታፍሩት በእነሱ ሳይሆን በጎረቤታችሁ አፍ ነው" አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። ደብዳቤዎ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጭብጨባው ሳያልቅ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ማተሚያ ቤት ሄጄ "አቁሙልኝ" አልኩ። ባለቤቱ "ፈርተሽ ነው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት።

እሺ፣ ጥር ይለፍ። ግን ልቤ አላመነም። የሚገቡ ጊዜ በስሟ ይጥሯት። እኔን ከጎታው ኋላ ማንም በስሜ አይጠራኝም ነበር፤ "ነይ" እና "ዝም በይ" ብቻ ነበር የምሰማው። ፊቷንም ከግድግዳው ያዙሩላት።

ፈንታዬ ታውቃለች?

የብርጓል

*

ሲናን፣ የካቲት 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ የብርጓል ሆይ

የሆነውን በተራ ልንገርሽ።

ሰርጉ የዋለው ባለፈው እሑድ ነው። ዳሱ በአዲሱ ቤት ደጅ ተተክሎ፣ ሙሽራው ከነአጃቢው ከሮብ ገበያ በፈረስና በበቅሎ መጣ። ያለው ካባውን ደርቦ ከአማቾቹ ሽማግሌዎች መሐል ተቀምጧል። እኔ ከካህናቱ ጎን ነበርኩ። ጠዋት ወደ ልጅቱ ገብቼ፣ "ዛሬ ከበሮ ትሰሚያለሽ፤ እንዳትፈሪ፤ ነገ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ" ብያት ነበር። "ከበሮ ምን ይመስላል?" አለችኝ። "ትልቅ ነው፤ ክብ ነው" አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው።

የዚያ ቤት የኋላ ግድግዳ በክረምቱ ዝናብ ላልቷል፤ ምስጥም በልቶ ቀዳዳ አበጅቶበታል። ከበሮው ሲመታ ልጅቱ ጭቃውን በእጇ እየፈለፈለች ቀዳዳውን አሰፋችው። በእሾሁ አጥር ሥር ተስባ ወጣች። እሾሁ ፊቷን ተልትሎታል። እንዲያ ሆና፣ አመድና ደም ለብሳ፣ በመዳፏ እየሄደች ዳሱ ውስጥ ገባች።

መጀመሪያ ያያት አንድ አጃቢ ነው። "ወጣ" አለ። ምን እንደወጣ የጠየቀ የለም። ዓመት ሙሉ ጋኔን አለ ሲባል የሰሙ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ጮኹ፤ ወንበሩ ተገለበጠ። አንዱ "በድንጋይ በሉት፤ ጋኔን ብረት አይመታውም" አለ። ድንጋይ ሲወረወር አየሁ። ግንባሯን መታት። ልጅቱ አላለቀሰችም። ፊቷን ለማዞር ግድግዳ ፈለገች፤ ግድግዳ አልነበረም።

እኔ "ሰው ናት፤ የተጠመቀች ናት" እላለሁ፤ ማን ይስማኝ። ማሬ ወጥ መጨለፊያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የሙሽራው አባት ወደ ያለው ዞሮ "ምንድን ነው ይሄ?" አለው። ያለው "ልጄ ናት" ቢል ምን ነበር? ያንን ቃል አፉ ድረስ አምጥቶ ሲውጠው አየሁት።

ያን ጊዜ ፈንታዬ ከሙሽራ ቦታዋ ተነሣች። ታውቃለች ወይ ብለሽኝ ነበር፤ አታውቅም ነበር። ሚዜዎቹ ሊይዟት ሞከሩ፤ ጥላቸው ሄደች። የሙሽራ ካባዋን አውልቃ ልጅቱን ሸፈነቻት፤ በላይዋ ላይ ተኛች። ሁለተኛው ድንጋይ ያረፈው በፈንታዬ ጀርባ ነው። ከዚያ ቀና ብላ የልጅቱን ፊት በእጇ ጠረገችውና እናቷን አየቻት። ማሬ "እህትሽ ናት" አለች። ከበሮው ቆሞ ነበርና ዳሱ ሁሉ ሰማ።

አማቾቹ ሳይበሉ ተነሥተው ሄዱ። ሙሽራው በቅሎው ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ አባቱ ልጓሙን ይዞ ወሰደው።

ልጅቱ በሕይወት አለች። ከእኔ ጎጆ ናት። ፈንታዬም ከእኛ ጋር ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ቃል አልተናገረችም።

"ሰርጉ ይለፍ" ብዬ የለመንኩሽ እኔ ነኝ። ጸልዪልኝ አልልሽም፤ ጻፊልኝ።

ወለተ ሐዋርያት

*

አዲስ አበባ፣ የካቲት 19 ቀን 1958 ዓ.ም.

አክስቴ

ድንጋዩን የወረወረው የእርስዎ ልመና አይደለም፤ የእኔም እሺታ አይደለም እያልኩ ራሴን አሳምናለሁ። ቀን ቀን አምናለሁ።

ዛሬ ማተሚያ ቤት ሄጄ "ቀጥሉ" አልኩ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን ቀድጄ ጥያለሁ። እዚያ ልጅቱ በሰላም በበር ትወጣ ነበር።

ለፈንታዬ፣ የወንድሜ ልጅ ብቻ ሳትሆን እህቴ መሆኗን ይንገሩልኝ። ለልጅቱ ሐኪም የሚያስፈልግ ከሆነ ደብረ ማርቆስ ያውርዷት፤ የማውቃቸው መምህራን ይቀበሏችኋል። እኔም ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ።

የብርጓል

*

ሲናን፣ ሰኔ 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለየብርጓል

ጽናቱን ይስጥሽ። እኛ በሦስታችን ተደጋግፈን አለን። የልጅቱ የግንባር ቁስል ድኗል፤ ጠባሳው ግን ቅንድቧን ከሁለት ከፍሎታል። ፈንታዬ አናጢ ፈልጋ ምርኩዝ አሠርታላታለች፤ በአጥሩ ጥግ ጥግ ትለማመዳለች። ሰው ሲመጣ ግን አሁንም ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ያለው ዳኝነቱን አላገኘም። አሮጌውን ቤት በገዛ እጁ አፍርሶ እንጨቱን አቃጠለው። ማሬ በየቀኑ ወተት ይዛልን ትመጣለች፤ እሱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እንኳ በእኛ በኩል አያልፍም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሌላ ነው። ትናንት ገብስ ስለቅም ልጅቱ ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ የሰርግ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

"እማሆይ፣ እዚህ ቤት ጋኔን አለ?" አለችኝ።

"የለም፤ ማን አለሽ?"

"እዚያኛው ቤት ነበረ። ከብት የሚያግዱት ከአጥሩ ውጭ ሲያወሩ እሰማለሁ። 'እዚህ ቤት ጋኔን አለ፤ አትጠጉ' ይላሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ እፈልገዋለሁ። ከጎታው ውስጥ ይሆናል እላለሁ። እናቴ ስትሄድ እንዳይመጣብኝ እየዞርኩ እጠብቀዋለሁ።"

የብርጓል፣ ያ የምንሰማው መዳፍ፣ ያ መጎተት፣ ልጅቱ ጋኔኑን ስትፈልግ ነበር። እኛ እሷን ስንፈራ፣ እሷ እኛ ያወራነውን ትፈራ ነበር።

 

ወለተ ሐዋርያት

*

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 25 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእማሆይ ወለተ ሐዋርያት

ፈንታዬንና ወለተ ኢየሱስን በሰላም ተቀብያለሁ። እርስዎም ቢመጡ እወድ ነበር፤ ዓይንዎ እንደማያስችል ግን ፈንታዬ ነገረችኝ። መጀመሪያ የትናንቱን ልንገርዎት፤ ከዚያ እመጣና እጅዎን እስማለሁ።

ከአዲስ አበባ የመጣነው በአንድ የጭነት መኪና ነው፤ አምስት ተዋንያን፣ የመጽሐፉ ሳጥን፣ እኔ። ዓባይን ወርደን ደጀን ስንወጣ የሀገሬ ብርድ ፊቴን መታኝ። ያን ጊዜ መመለስ አሰኘኝ። ለባልደረቦቼ አልነገርኳቸውም።

ቲያትሩን ያሳየነው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ከመጽሐፉ የወጣ ነው፤ ዳስና ከበሮም አለበት። ልጅቱን ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ምርኩዞቼን ከመጋረጃው ኋላ ትቼ በመዳፌ ወጣሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መሬት ላይ ላለመታየት ስታገል ኖሬ፣ በአገሬ ሰው ፊት በገዛ ፈቃዴ ተሳብኩ። ድንጋዩ ከሚወረወርበት ስንደርስ አንድም ተዋናይ አላስወረወርኩም። ቆም አልንና ወደ ሰዉ ተመለከትን፤ ረጅም ጊዜ።

ወለተ ኢየሱስ ከፊት ወንበር ከፈንታዬ ጋር ነበረች። ፊቷን አላዞረችም። ስታየኝ ቆየችና ለፈንታዬ "አሁን ሰው መሆኗን ይነግሯታል?" አለቻት። ፈንታዬ ናት የነገረችኝ።

ያለውም መጥቶ ነበር። አዳራሽ አልገባም፤ በመስኮቱ ውጭ ቆሞ አየ። ሰዉ ሲወጣ ግንቡ ሥር አገኘሁት። ሸምግሏል።

"ሰዉ እኔ መሆኔን ያውቃል?" አለኝ።

"ስምህን አልጻፍኩም።"

"እኔ ግን አወቅሁት" አለ። ልጆቹ በበሩ ሲወጡ አያቸው፤ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ገበያው መንገድ ሄደ። ወለተ ኢየሱስ በዓይኗ ተከትላው "ማን ነው?" አለች። ፈንታዬ "አባታችን ነው" አለቻት። ልጅቱ "ከኋላው ነው የማውቀው" አለች፤ "በግድግዳው ቀዳዳ።" ልጠራው ፈልጌ አልጠራሁትም። ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው።

ከዚያ መጽሐፉን የሚገዛ ይመጣ ይሆናል ብዬ በር ላይ ተቀመጥኩ። የመጡት ግን ስለ መጽሐፉ አላነሡም። መጀመሪያ አንድ የደምበጫ ነጋዴ ቀረበና ዙሪያውን አየ። "በእኛ ሰፈር አንድ ቤት አለ" አለኝ። "ባለቤቱ ለካፊ አለበት ይላል። ሰው አይጠጋውም።"

"ድምፅ አለው?" አልኩት።

"አለው" አለና ሄደ። ከእሱ ኋላ አንዲት እናት ነበረች። ከእሷ ኋላ አንድ ቄስ። ሁሉም የጎረቤት ቤት ነው የሚያወሩት፤ የራሴ ቤት ያለ የለም። እናቲቱ ግን ስታወራ መዳፏ ላይ የደረቀ ገንፎ ነበር፤ የልጅ አፍ የጠረገ እጅ አውቃለሁ። የእያንዳንዱን አገር ጠየቅሁና በወረቀት ያዝኩ። ስማቸውን አልጠየቅሁም።

ባልደረቦቼ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። እኔ ቀርቻለሁ። ነገ ማለዳ ከፈንታዬ ጋር ደምበጫ እንሄዳለን፤ ወለተ ኢየሱስም "እኔም" ብላለች። ይዘናት እንሂድ አንሂድ ገና እየተከራከርን ነው፤ የምታሸንፈን ይመስለኛል። እዚያ ስንደርስ በሩን ማን እንደሚከፍት፣ ቢከፈትም ምን እንደምል አላውቅም። መድረክ ላይ የምለውን ሁልጊዜ አስቀድሜ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን የጻፍኩት ቃል የለኝም።

እርስዎ ሲያንኳኩ መጀመሪያ ምን ነበር ያሉት?

ልጅዎ
የብርጓል ድረስ